ትልቋ ክላውንፊሽ አዲሱን ዓሣ መድረሻ አሳጣችው፤ ምን ላድርግ?

ሚሚ ከሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ኦሴላሪስ የሚባለው ዓይነት ሁለት ክላውንፊሽ አሉኝ፣ ብርቱካናማ ሆነው ነጭ መቀነት ያላቸው ትናንሽ የባሕር ዓሦች ናቸው። ቤታችን ከገቡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ገንዳው 29 ጋሎን ነው፣ 110 ሊትር ገደማ። እስካለፈው ወር ድረስ ሰላም ነበሩ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ እነሱን ነው ቀድማ የምታየው። አሁን ግን ትልቋ ጠባይዋ ጭራሽ ተለወጠብኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ፋየርፊሽ የሚባል አንድ ትንሽ ዓሣ ገዛሁ። ገና ከፌስታሉ እንደወጣ ቀጥ ብላ መጣችበት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሂተሩ (የውሃ ማሞቂያው) ጀርባ ተሸጉጦ ነው የሚውለው። ምግብ ስጨምር ብቅ ይላል፣ ታባርረዋለች፣ ተመልሶ ይገባል። ትናንት ጠጋ ብዬ ሳየው የጅራቱ ጫፍ ተቀዷል። አንጀቴን በላኝ። እኔንም አልማረችኝም፤ መስታወቱን ለመጥረግ እጄን ስከት ትነክሰኛለች፣ ጣቴ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀይ ምልክት አለ። ትንሹ ክላውንፊሽ ደግሞ እሷ ስትጠጋው ጎኑን ሰጥቶ ሰውነቱን በሙሉ ያንቀጠቅጣል። ታሞ ይሆን? ልሽጣትና ልገላገል አስቤ ነበር፣ ልጄ ግን እንባዋ ቀደመ።

የዱባዩ ዓሣ አርቢ፦
እህቴ አይዞሽ፣ መንቀጥቀጡ በሽታ አይደለም። ትንሹ «አለቃዬ አንቺ ነሽ፣ አትምቺኝ» እያላት ነው። እሱ እስከተንቀጠቀጠ ድረስ በሁለቱ መካከል ሰላም አለ ማለት ነው። እንደውም ማቆሙ ነው የሚያሳስበው።

ክላውንፊሽ ሁሉም በወንድነት ነው የሚያድጉት። ከመካከላቸው ትልቁና ኃይለኛው ሴት ይሆናል፣ ቀጣዩ ባሏ ይሆናል፣ ሌሎች ካሉ ከሥር ተደርድረው ይኖራሉ። ሃንስ ፍሪከና ሲሞን ፍሪከ በ1977 እ.ኤ.አ. ይህን ጽፈውታል፤ ሴቷ በኃይሏ ወንዱን አፍና ሴት እንዳይሆን ታደርገዋለች፣ እሷ ከሞተች ግን ቦታዋን እሱ ይይዛል። አንዴ ሴት የሆነ ደግሞ ወደ ወንድነት አይመለስም። ስለዚህ ቤቱን የምታስከብረው እሷ ናት፣ አዲስ የመጣ ሁሉ ለእሷ ወራሪ ነው።

አሁን አንድ ነገር እዪልኝ። ሁለቱ አንድ ቦታ አፋቸውን እየለጠፉ ሲያጸዱ አይተሻል? ድንጋዩን፣ የገንዳውን ጀርባ፣ የሂተሩን አጠገብ በባትሪ ፈትሺ። ብርቱካናማ ነገር ጥቅጥቅ ብሎ ከተለጠፈ እንቁላል ነው።

ሚሚ ከሜሪላንድ፦
አምላኬ! አለ። ከሂተሩ ጎን ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ልክ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል ቦታ ይዟል። ትንሹ ላዩ ላይ ቆሞ በክንፉ ያራግባል፣ እሷ ፊት ለፊት ትዞራለች። ፋየርፊሹ የተሸሸገው ከዚያ አንድ ስንዝር በማይሞላ ቦታ ነው።

የዱባዩ ዓሣ አርቢ፦
በቃ፣ ነገሩ ተገለጠ። አራስ ነብር ሆናለች። ምስኪኑ የተደበቀው ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ነው፣ ያንን ደግሞ በምንም አትታገሥም። እንቁላሉ በውሃው ሙቀት መጠን ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። መጀመሪያ ብርቱካናማ ነው፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ሊፈለፈል ሲል ብርማ ዓይኖች ይታዩሻል። የሚፈለፈለው መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። ሮቲፈር የሚባለውን ደቃቅ ሕያው ምግብ ካላዘጋጀሽ ጫጩቶቹ አይተርፉም፣ ስለዚህ ለልጅሽ ከአሁኑ አስረጃት። ደግሞም አንድ ጊዜ ከጀመሩ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ሊደግሙት ይችላሉ። ጠባይዋም አብሮ ይመለሳል።

ኮራል ወዳድ፦
የእኔን ልንገርሽ፣ ዛሬውኑ የሚደረገው ይሄ ነው። ፋየርፊሹን አውጪው። የተቀደደ ጅራት ይድናል፣ ሳይበላ ተሸጉጦ የሚውል ዓሣ ግን ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው። ሌላ ገንዳ ከሌለሽ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን እዚያው ውስጥ ከጎጆው በተቃራኒ ጥግ ስቀይለት። ውሃው ይገባል ይወጣል፣ እሷ ታየዋለች፣ ልትነክሰው ግን አትችልም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ሳጥኑ ክዳን ይኑረው፣ ገንዳውንም በመረብ ሸፍኚ፤ ፋየርፊሽ ሲደነግጥ ዘሎ ይወጣል፣ እኔ አንዱን ጠዋት ምንጣፉ ላይ ደርቆ ነው ያገኘሁት፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፋየርፊሹን ከሳጥኑ የምትፈቺው ማታ መብራት ጠፍቶ ነው። ከዚያ በፊት እንቁላሉ ያለበትን ድንጋይ ሳትነኪ ሌሎቹን አዘዋውሪያቸው፣ በፋየርፊሹ በኩል ጠባብ ጠባብ መሸሸጊያ ሥሪ። ምግብ በሁለት ጥግ ስጪ፣ መጀመሪያ በእሷ በኩል። እያባረረችው ብቻ ከሆነ ታገሺ። ክንፍ እየቀደደች ከሆነ ግን እሷን ለጥቂት ቀን ወደ ሳጥኑ አስገቢያትና እሱ ቤቱን ይልመድ። ብዙ ሰው ሁልጊዜ ተጠቂውን ነው የሚያስረው፣ አጥቂዋ እየነገሠች ትቀጥላለች። ብቻ እንቁላል እያለ አታውጫት፣ ከተፈለፈለ በኋላ ይሁን።

እጅሽን በተመለከተ ረጅም የላስቲክ ጓንት ግዢ። መስታወቱን ደግሞ በማግኔት መጥረጊያ ጥረጊ፣ እጅ መክተት ራሱ ይቀንሳል።

ሳሚ፦
እኔ የምለምንሽ ሦስተኛ ክላውንፊሽ እንዳትጨምሪ ነው። «ብቸኝነት ነው ያናደዳት» የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው። እኔ ማሩን የሚባለውን ዓይነት ሴት ነበረችኝ፣ ከክላውንፊሽ ሁሉ ኃይለኛዋ እሷ ናት፣ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ታድጋለች። ከሱቅ የሸጡልኝ ሰዎች እሷን የምታህል ሌላ ሰጥተው «ይላመዳሉ» አሉኝ። ሁለቱም ሴት ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ አንዷ አሸዋው ላይ ወድቃ ነበር፣ ክንፍ የሚባል አልቀረላትም። ጥንድ የሚፈልግ ሰው በጣም ያነሰ ልጅ ክላውንፊሽ ነው መግዛት ያለበት፣ እኩያ አይደለም።

ቀይባሕር ከኤላት፦
እኔ አኳሪየም የለኝም፣ ግን እዚህ እስራኤል፣ ቀይ ባሕር ዳር ባለችው ኤላት ስንዋኝ እነዚህን ዓሦች በባሕር ውስጥ እናያቸዋለን። የቀይ ባሕሩ ዓይነት ነው፣ ብጫ ሆኖ ሁለት ነጭ መቀነት ያለው። ቤታቸው የሆነው አኒሞኒ (አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ጋ ስጠጋ ትልቋ ወጥታ መነጽሬ ድረስ ትመጣለች፣ የሰው መጠን አያስፈራትም። ግን ትንሽ ወደ ኋላ ስል ትተወኛለች፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ባሕር ውስጥ የተባረረው ዓሣ የሚሸሽበት አለው። 110 ሊትር ውስጥ የት ይሂድ? የተነገረሽ ሁሉ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ፋየርፊሹን ለዘለቄታው ሰፋ ያለ ገንዳ ላለው ሰው ብትሰጪው ደስ ይለኛል።

ሚሚ ከሜሪላንድ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሳጥኑን ገዝቼ ሰቅያለሁ፣ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እየመጣች ፕላስቲኩን በአፏ ትመታው ነበር፣ አሁን አለፍ አለፍ እያለች አይታው ትመለሳለች። ፋየርፊሹ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሸሸግ በላ። ኤላት ያለሽው፣ ነገርሽ ከልቤ ገባ። ባልደረባዬ 75 ጋሎን ገንዳ አለው፣ ክላውንፊሽ የለውም፤ ጅራቱ ሲድን ይወስደዋል፣ ቅዳሜ ሄደን እናያለን ብለናል። ልጄ እንቁላሎቹን በባትሪ እያየች ነው። ዓይናቸው ብር መሰለ እያለች ትጠራኛለች፣ ዛሬ ማታ ሳይሆን አይቀርም።