ምፀት፣ ሽሙጥ ወይስ ስላቅ? በይሉኝታ ላይ የተጻፈ አንድ መጣጥፍ ሲተነተን

የደብረ ማርቆሱ ወንድማችን ስለ ይሉኝታ የተጻፈውን መጣጥፍ አንብበው፣ አጻጻፉ ምፀት ነው ወይስ ሽሙጥ ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው የተነሣበት ቃል ይህ ነው፦ «ጎረቤቴ ለልጁ ሠርግ ሁለት ሰንጋ ጣለ፤ እኔም ከሰው አላንስም ብዬ አንድ ሰንጋ ገዝቼ፣ ጥማድ በሬዎቼን ጨምሬ ሦስት ጣልሁ። ሞፈርና ቀንበሬም አረፉ፤ ሰው ግን አላማኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

በእኔ አስተያየት ሽሙጥ አይደለም። ሽሙጥ ወይም አሽሙር የሚወጋው ሰው አለው፤ ያ ሰው ሰምቶ ነገሩ ለእኔ ነው ካላለ ሽሙጡ ከሽፏል። እዚህ ግን ጎረቤቱ አልተነካም። የሚታዘንለትም የሚታዘንበትም ተራኪው ራሱ ነው፤ እሱም ከልቡ እያመሰገነ ስለሚናገር ቃሉና እውነቱ ተቃርነው ቆመዋል። ይህ ምፀት ነው። ስላቅ የምንለው ደግሞ ጽሑፉ በጠቅላላው በአንድ ልማድ ላይ የሚያሰማው ነቀፌታ ስለሆነ፣ ምፀት መሣሪያው፣ ስላቅ ግቡ ነው ብንል ያስኬዳል። በማቴዎስ ወንጌል 27፥29 ወታደሮቹ «የአይሁድ ንጉሥ ሆይ፥ ሰላም ለአንተ ይሁን» እያሉ ሲዘብቱ ቃሉ ምስጋና፣ ሐሳቡ ግን ስድብ ነበር። ወንጌላዊው ያንኑ የዘበት ቃል ለሚያምን አንባቢ እውነት አድርጎ ማቅረቡ፣ ምፀት ምን ያህል ሊደራረብ እንደሚችል ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ ልዘገይበት የምወደው «ጣልሁ» የሚለው ግሥ ነው። ሰንጋ መጣል በእኛ አገር ለድግስ ማረድ ነው፤ መጣል ግን ማጣትም፣ መወርወርም ነው። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ኅብር፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል፣ ወዲያው ያየዋል፦ ሰሙ አረድሁ፣ ወርቁ ኑሮዬን ጣልሁ የሚል ነው። ጸሐፊው ግሡን አስቀድሞ በጎረቤቱ ሰንጋ ላይ በሰሙ ብቻ ተጠቅሞበት፣ ኋላ ጥማድ በሬ ላይ ሲያሳርፈው ወርቁ ይገለጣል። ሰንጋ ለመታረድ የሚቀለብ ነው፤ ጥማድ በሬ ግን የሚመጣው ዓመት እህል ነው። «አረፉ» የሚለውም እንዲሁ ሁለት መንገድ አለው፤ ቀንበር ዐረፈ ማለት ገበሬው ጦሙን አደረ ማለት ነውና።

ግነቱ ትንሽ መሆኑም የሚደነቅ ነው። ሃያ በሬ ጣልሁ ቢል ኖሮ ተረት ይሆን ነበር፤ ሦስት ማለቱ ግን በጎጃም ሠርግ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ አምኖ የሚቀበለው ነው።

«ሰው ግን አላማኝም» በሚለው ውስጥ ያለው «ሰው» ስም የለውም፤ ፊትም የለውም። «ይሉኝታ» የሚለው ቃል ራሱ በዚሁ ሰዋስው የቆመ ነው፦ «ይሉኛል» ውስጥ ተናጋሪዎቹ እነማን እንደሆኑ አይታወቅም፣ ተሳቢው ግን እኔ ነኝ። ጸሐፊው ይህን ሳያብራራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማሳየቱ ጥሩ ችሎታ ነው።

የማልስማማው በመጣጥፉ የመጨረሻ አንቀጽ ላይ ነው። ተራኪው እዚያ ሲደርስ ድምፁን ለውጦ «ይሉኝታ አገር ይጎዳል» እያለ ይመክራል። እስከዚያ ድረስ አንባቢው ወርቁን በራሱ እየፈለገ መጥቷል፤ አሁን ግን በእጁ ይሰጠዋል፤ ያ ሞኝ ምስኪን አባወራም በድንገት መምህር ይሆንበታል። የኔታ ቅኔ ሲነግሩ ሰሙንና ወርቁን ለይተው ያስረዳሉ፤ ያ ግን ቅኔው ከተዘረፈ በኋላ የሚደረግ ትምህርት እንጂ የቅኔው አካል አይደለም። ስለዚህ አንቀጹ ቢወጣና መጣጥፉ «እግዚአብሔር ይመስገን» በሚለው ላይ ቢያበቃ እመርጣለሁ።