የሙዚቃ ግንዛቤ ጉባኤ በአንድ ከተማ ይሰብሰብ ወይስ በየአህጉሩ ይከፋፈል?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክራችን በዓለም አቀፉ የሙዚቃ ግንዛቤና ሥነ አእምሮ ጉባኤ ላይ ነው። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1989 ኪዮቶ ላይ ከተጀመረ ወዲህ፣ ሙዚቃን የሚሰማ አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠኑ ምሁራን በየሁለት ዓመቱ ገደማ በየተራው በሚመረጥ ከተማ ሲገናኙበት ቆይተዋል። በ2018 ግን በኦስትሪያዋ ግራትስ፣ በአርጀንቲናዋ ላ ፕላታ፣ በሞንትሪያልና በሲድኒ በአንድ ጊዜ ተካሄደ፤ በአንዱ ማዕከል የቀረበ ጥናት ለሌሎቹ በቀጥታ ወይም ተቀድቶ ይደርስ ነበር። ይህ አሠራር ቋሚ ይሁን? የጉዞ ወጪና የአውሮፕላን ጭስ በማንኛውም ጉባኤ ላይ የሚነሣ ስለሆነ፣ እባካችሁ ይህን ዘርፍ ለብቻው የሚመለከተውን አስቀድሙ።

የሥነ ልቦና መምህር፦ እኔ አይሁን ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ድምፁ ራሱ ነው። በሌላ ዘርፍ አቅራቢው ሠንጠረዡን በስክሪን ካሳየ ነገሩ ያልቃል፤ የእኛ ማስረጃ ግን የሚሰማ ነው። የቪዲዮ ስብሰባ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለንግግር በመሆኑ፣ ሳይቋረጥ የሚዘልቅን ድምፅ እንደ ማራገቢያ ጩኸት ቆጥረው ያጠፉታል። በአንድ ስብሰባ ላይ ተማሪዬ ለረጅም ጊዜ የተያዘ የቫዮሊን ድምፅ አሰማ፤ እኛ ጋ የደረሰው የመጀመሪያው ሰከንድ ብቻ ሲሆን ከዚያ በኋላ ዝምታ ነበር፤ እሱ ግን ሁላችንም የሰማን መስሎት ማብራሪያውን ቀጠለ። የሁለት ድምፆች አጀማመር በ20 ሚሊሰከንድ ሲለያይ ጆሮ ምን እንደሚሰማ የሚከራከር ጉባኤ በዚህ መስመር ሊካሄድ አይችልም።

የዶክትሬት ተማሪ፦ የመምህሩን ቅሬታ አልክድም፤ ዳሩ ግን መድኃኒቱ ቀላል ነው። የድምፅ ፋይሉ አስቀድሞ ይላካል፣ አድማጩም በራሱ የጆሮ ማዳመጫ ይሰማዋል። እንዲያውም ማዳመጫ ማድረጉን የምናረጋግጥበት ፈተና አለን፦ ሦስት ድምፆች ይሰማሉ፣ ተሳታፊውም የድምፅ መጠኑ አነስተኛ የሆነውን ይመርጣል። ከሦስቱ የአንዱ ሞገድ በግራና በቀኝ ተገለባብጦ የተቀዳ ስለሆነ ድምፅ ማጉያ ፊት የተቀመጠ ሰው ሞገዶቹ እርስ በርስ ስለሚሰራረዙበት ይሳሳታል። በተረፈ፣ አምስት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳው እየመለሰ የሚያስተጋባውን ድምፅ የሰማ ሰው ስለ 20 ሚሊሰከንድ ምን ሊመሰክር ይችላል? እኔ ጥናቴ ተቀባይነት አግኝቶ ሳለ ቪዛ ተከልክዬ ቀርቻለሁ። ለእኔ ምርጫው በጥሩ ድምፅና በመጥፎ ድምፅ መካከል አልነበረም።

የሙዚቃ መምህርት፦ ወደ ድምፅ ጥራት ብቻ አናጥብበው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሽ ማክደርሞትና ባልደረቦቹ በቦሊቪያ አማዞን የሚኖሩትን ቺማኔዎች አጥንተው ነበር። ለምዕራባውያን ጆሮ የሚጎረብጠውንና የሚስማማውን ኅብረ ድምፅ (በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆች ጥምረት) ቺማኔዎቹ እኩል ደስ የሚል አድርገው መዘኑት። የተስማሚነት ምርጫ ከተፈጥሮ የመጣ ነው ለሚለው የቆየ አስተሳሰብ ይህ ከባድ ፈተና ሆነ። ጥያቄው እንግዲህ እንዲህ ያለ ማስረጃ ለምን ያን ያህል ዘገየ ነው። የእኔ መልስ፣ ሌላ ሙዚቃ እየሰማ ያደገ ሰው በውይይቱ ላይ ስላልነበረ፣ ጥያቄውንም የሚያነሣ ስላልተገኘ ነው የሚል ነው። ጉባኤው እስከ 2018 ድረስ አንድም ጊዜ በአፍሪካ ምድር አልተካሄደም። ስለዚህ ማዕከላቱ ይብዙ እላለሁ።

የመረጃ ተንታኝ፦ በእህታችን መነሻ እስማማለሁ፤ ከመነሻው የሚወጣው መደምደሚያ ግን የበይነ መረብ ጉባኤ ደጋፊዎች እንደሚያስቡት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የኖሪ ጃኮቢና የብዙ ባልደረቦቹ ጥናት በ15 አገሮች 39 ቡድኖችን በምት ፈትኗል። ተሳታፊው አጭር ምት ይሰማል፣ በጣቱ እየመታ ይደግመዋል፣ የደገመው ደግሞ ተመልሶ ይሰማዋል፤ ይህ ሲደጋገም ምቱ ቀስ በቀስ አእምሮው ወደሚያዘነብልበት ቅርጽ ይሳባል። ሁሉም ቡድኖች እንደ 1፡1፡2 (ሦስተኛው የጊዜ ክፍተት የቀደሙት የእያንዳንዳቸው እጥፍ የሚሆንበት) ወዳሉ ቀላል የቁጥር ምጥጥኖች አዘነበሉ፤ የትኞቹ ምጥጥኖች ይበልጥ እንደሚስቡ ግን ከቡድን ቡድን በእጅጉ ይለያያል። ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በበይነ መረብ የተገኙ ተሳታፊዎች በየትም አገር ቢኖሩ እርስ በርስ ወደ መመሳሰሉ ያደላሉ። በመስመር ላይ የምናገኘው ሰው ዓለምን የሚወክል ሳይሆን ኢንተርኔትን የሚወክል ነው።

የዶክትሬት ተማሪ፦ ያ የተሞካሪዎች ጉዳይ እንጂ የጉባኤተኞች አይደለም፤ ሁለቱን ባንቀላቅላቸው።

የመረጃ ተንታኝ፦ ያቀላቀልኳቸው ሆን ብዬ ነው። በኮምፒውተር ብቻ የሚካሄድ ጉባኤ የሚስበው ጥሩ መስመር፣ ጸጥ ያለ ክፍልና አቀላጥፎ የሚናገረው እንግሊዝኛ ያለውን ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ በጥናታችን ውስጥ አስቀድሞ ከመጠን በላይ አለ። እኔ የምደግፈው ሰዎች በአካል የሚሰበሰቡበትን ማዕከል እንጂ እያንዳንዱ በየቤቱ የሚቀመጥበትን አይደለም።

የሥነ ልቦና መምህር፦ ይህ ልዩነት አቋሜን በከፊል አናግቶታል። ሆኖም ስለ ሰዓት ማንም አላነሣም። ሐምሌ ላይ በግራትስ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን በሞንትሪያል ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፣ በሲድኒ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት። የሲድኒው ሰው ጥናቱን በማግስቱ ከቅጂ ይሰማል፤ ቅጂ ግን አይጠየቅም። አንድ ጊዜ በሻይ ዕረፍት ፖስተር ፊት ቆሜ ሳለ፣ የማላውቀው ሰው ጠረጴዛውን በጣቶቹ እየመታ «ይህ ምት ለእኔ የሚጀምረው ከዚህ ነው» አለኝ። እኔ ምቱን የምቆጥረው ከሌላ ቦታ ስለነበር አንድ ዓመት ሙሉ የሠራሁበትን ሙከራ እንደገና አዋቀርኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም በቅጂ ሥር ባለ የጥያቄ ክፍል አይጽፍልኝም ነበር።

የሙዚቃ መምህርት፦ ያ ሰው ከየት እንደመጣ ጠይቀውታል?

የሥነ ልቦና መምህር፦ ጠይቄዋለሁ፤ ከቤተ ሙከራዬ ሁለት ፎቅ ወርዶ የሚሠራ ሰው ነበር። እርስዎ ሊሉኝ የፈለጉት ገብቶኛል፤ አንድ ሕንፃ የሚጋሩ ሁለት ሰዎችን ለማገናኘት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ባላስፈለገ ነበር።

አወያይ፦ እንግዲያውስ በማዕከላት መብዛት ላይ የመረረ ተቃውሞ የለም ማለት ነው። የቀረው ማዕከሉን የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ነው፤ አዘጋጅ ኮሚቴው ይምረጥ፣ ወይስ ሊያስተናግድ የጠየቀ ቤተ ሙከራ ሁሉ ይፈቀድለት? በዚህ ላይ የምትሉትን እጠብቃለሁ።

የዶክትሬት ተማሪ፦ የጠየቀ ሁሉ ይፈቀድለት፤ ኮሚቴው ድምፁ በአግባቡ መድረሱን ብቻ ይፈትሽ።