በላስ ቬጋስ የካሲኖ ዲለር ለመሆን ምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ላስ ቬጋስ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እስካሁን የሆቴል ክፍል ሳጸዳ ቆይቼ ወገቤ ስላስቸገረኝ ዲለርነት፣ ማለትም በቁማር ጠረጴዛ ላይ ካርድ ማደልና ጨዋታውን ማካሄድ፣ ለመማር አስቤያለሁ። ቁማር ተጫውቼ አላውቅም፤ እንግሊዝኛዬም መካከለኛ ነው። ትምህርቱ ይከብዳል? ገቢውስ ቤተሰብ ያስተዳድራል?

ምላሽ 1፦ እህቴ፣ በዚህ ሥራ 9 ዓመት ቆይቻለሁ። ቁማር አለመጫወትሽ ምንም አይጎዳሽም። የኔቫዳ ሕግ ዕድሜሽ 21 ዓመት እንዲሞላና አሻራ ሰጥተሽ በግዛቱ የቁማር ተቆጣጣሪ ቦርድ እንድትመዘገቢ ያዛል፤ ምዝገባው በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ በብላክጃክ (ከ21 ሳያልፉ ወደ 21 ለመቅረብ የሚሞከርበት የካርድ ጨዋታ) ይጀመራል። የጨዋታው ደንብ በጥቂት ቀናት ይገባል፤ ጊዜ የሚወስደው እጅን ማሠልጠንና ሒሳቡን ሳያመነቱ መሥራት ነው። ለምሳሌ 35 ዶላር አስይዞ ብላክጃክ የመጣለት (በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርዶች 21 የሞላለት) ተጫዋች፣ 3 ለ2 በሚከፍል፣ ማለትም ለየ2 ዶላሩ 3 በሚሰጥ ጠረጴዛ 52 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፈለዋል፤ 6 ለ5 በሚከፍለው ግን የሚያገኘው 42 ዶላር ብቻ ነው። ሩሌት (ኳስ በሚሽከረከር ባለቁጥር ጎማ ላይ የሚጣልበት ጨዋታ) ላይ ደግሞ አንድ ቺፕ (በገንዘብ ፋንታ የሚያዝ ክብ ማስያዣ) በአሸናፊው ቁጥር ላይ፣ አንድ በሁለት ቁጥሮች መካከል፣ አንድ በአራት ቁጥሮች መገናኛ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሲያሸንፍ፣ የየቺፑ ክፍያ 35፣ 17 እና 8 ተደምሮ 60 ቺፕ መሆኑን ወዲያው ማወቅ አለብሽ። እኔ ልጆቼ ከተኙ በኋላ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ ካርድ ስበውዝና ቺፕ በእኩል ቁልል ስከፋፍል አመሽ ነበር። ለመቀጠር የሚፈተኑት በእውነተኛ ጠረጴዛ፣ ኃላፊ እያየ ነው። ከጠረጴዛው ስትነሺም መዳፍሽን ገልብጠሽ ለካሜራው ማሳየት እንዳትረሺ፤ ይህን የሚዘነጋ ሰው ሌላው ሁሉ ቢሳካለትም በጥርጣሬ ይታያል።

ምላሽ 2፦ ስለ ገቢው ልጨምር። የሰዓት ክፍያው በአብዛኛው ከግዛቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ብዙም አይርቅም፤ እርሱም ከሐምሌ 2024 ጀምሮ 12 ዶላር ነው። ኑሮን የሚደጉመው ቲፕ ሲሆን፣ በብዙ ካሲኖዎች በአንድ ላይ ተሰብስቦ በሠሩት ሰዓት ልክ ይከፋፈላል፤ ግብርም ይከፈልበታል። ስለዚህ ሥራ ከመቀበልሽ በፊት እዚያው ካሲኖ የሚሠራ ዲለር ፈልገሽ በቀን በአማካይ ስንት እንደሚደርሳቸው ጠይቂ። ጀማሪ የሚሰጠው የሌሊትና የቅዳሜ እሑድ ሺፍት ነው፤ ፋሲካን ከልጆችሽ ጋር ለማክበር ፈቃድ ቀደም ብለሽ መጠየቅ ይኖርብሻል። በካሲኖ ወለል ላይ ማጨስ በሕግ ስላልተከለከለ፣ አስም ካለብሽ አስቀድመሽ ሐኪም አማክሪ።

ምላሽ 3፦ እንግሊዝኛሽ አያሳስብሽ፤ ቁጥሮችን በግልጽ መጥራትና ክርክር ሲነሳ ኃላፊውን መጥራት ከቻልሽ ለመጀመሪያ ይበቃል። እኔን ይበልጥ የከበደኝ፣ የወር ኪራዩን ይዞ የመጣ የአገሬ ሰው ፊቴ ተቀምጦ ሲከስር ማየት ነበር። እንዲህ ዓይነት ሌሊት ሲገጥምሽ ምክር መስጠት የሥራ ደንቡ አይፈቅድልሽም፤ ጠረጴዛ እንዲቀይሩልሽ ግን ኃላፊሽን መጠየቅ ትችያለሽ፤ እኔም ሁለት ጊዜ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።