ልጆቻችን በአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ዘርፍ ለማገልገል ሲነሡ ቤተሰብ ምን ያዘጋጅ?

ጥያቄ፦ ከአንዲት እናት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ለማኅበረሰባችን አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ልጄ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ስትመረቅ በብሔራዊ ደኅንነት ዘርፍ መንግሥትን ማገልገል እንደምትፈልግ በቅርቡ ነግራናለች። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ «ደኅንነት» የሚለው ቃል በቤታችን በሹክሹክታ እንጂ በድምፅ አይነሣም ነበር፤ ስለዚህ ስትነግረኝ ደስታዬና ፍርሃቴ ተደባለቁብኝ። ከዚህም በላይ አንዳንድ ወዳጆች «ዘመዶቿ አገር ቤት ስለሆኑ አይቀበሏትም፤ ወይም ስማቸውን አታንሣ» ብለዋታል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ምክራችሁን እለምናለሁ።

መልስ፦ ከአንድ አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ውድ እህቴ፣ ታላቁ ልጄ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ስላለፈና እኔም ከእርሱ ጋር ሆኜ ብዙ ስለተማርኩበት፣ የማውቀውን ላካፍልዎ።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። እኛ «ደኅንነት» ስንል በአእምሯችን የሚመጣው በሌሊት በር የሚያንኳኳ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ቃሉ የሚሸፍነው ሥራ እጅግ ሰፊ ነው። ለዚህ ዘርፍ ተማሪዎችን ለማዘጋጀት እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የቦረን ሕግ መሠረት የሚሰጠው የቦረን ስኮላርሺፕ፣ ብሔራዊ ደኅንነት የሚለውን በሽታን፣ ረሃብን፣ ስደትን፣ የአካባቢ መጎዳትንና የኢኮኖሚ ተወዳዳሪነትን ጭምር አካትቶ ይተረጉመዋል። የቪዛ ጉዳይ የሚመረምር ቆንስል፣ የተጣለ ማዕቀብ መከበሩን የሚከታተል የግምጃ ቤት ባለሙያ፣ የመሥሪያ ቤቶችን ኮምፒውተር ከጥቃት የሚጠብቅ ኢንጂነር፣ ሁሉም በዚህ ጥላ ሥር ናቸው። ልጅዎ ከእነዚህ ውስጥ የቱ እንደሚስባት ቢጠይቋት፣ ግማሹ ፍርሃትዎ በዚያው ይቀልልዎ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ስማቸውን አታንሣ ያሏት ሰዎች በቅንነት ቢሆንም እጅግ አደገኛ ምክር ሰጥተዋታል። ለብዙዎቹ ሥራዎች የምሥጢር ፈቃድ፣ ማለትም ክሊራንስ፣ ያስፈልጋል። ክሊራንስ ሰው ለራሱ የሚያመለክተው ነገር አይደለም፤ ቀጣሪው መሥሪያ ቤት የሥራ ዕድሉን ከሰጠ በኋላ የሚያስጀምረው ምርመራ ነው። የሚሞላው ቅጽ ኤስኤፍ-86 ይባላል፤ ከ100 ገጽ በላይ ሲሆን ያለፉትን 10 ዓመታት አድራሻና ሥራ፣ ያለፉትን 7 ዓመታት የውጭ አገር ጉዞ፣ በውጭ አገር ያሉ የቅርብ ዘመዶችንና ወዳጆችን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የውሳኔ መመሪያ 13 መመዘኛዎች አሉት፤ ከእነዚህ አንዱ የውጭ ተጽዕኖ ነው። መርማሪዎቹ ዘመዱ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ከመንግሥት ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው፣ አመልካቹም በዘመዱ ምክንያት ሊገደድ ይችል እንደሆነ ያመዛዝናሉ። ደሴ ያሉ ጡረተኛ አያት እንቅፋት የሚሆኑት ተደብቀው የተገኙ እንደሆነ ነው፤ አውቆ በቅጹ ላይ ሐሰት መጻፍ ደግሞ እስከ 5 ዓመት እስር የሚያስፈርድ ወንጀል ነው።

ልጄ ቅጹን ሲሞላ ሦስት ምሽት ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሳንነሣ አመሸን። እናቴን በየሳምንቱ እሑድ ስለሚደውልላቸውና አልፎ አልፎ ገንዘብ ስለሚልክላቸው ሁለቱንም መጻፍ ነበረበት፤ ቅጹ ለውጭ አገር ዜጋ የተደረገ የገንዘብ ድጋፍን ለይቶ ይጠይቃልና። የልደታቸውን ቀን ብንጠይቃቸው «ንጉሡ ከስደት በተመለሱ በዓመቱ፣ በጥቅምት ገብርኤል ማግስት» አሉን። ንጉሡ የተመለሱት በ1933 ዓ.ም. ስለሆነ 1934 ብለን፣ ጥቅምት 20ን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጠን፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1941 ብለን ጻፍን፤ በማብራሪያውም ላይ ቀኑ ከቤተሰብ ቃል የተሰላ ግምት መሆኑን አስታወቅን። የእኔ የልደት ቀን ደግሞ በስደት ወረቀቴ ላይ ሳይለወጥ እንዳለ ተገልብጦ ስለነበር ከሌላው ሰነዴ ጋር አይገጥምም ነበር፤ ይህንንም አብራራን። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለምንጠቀም አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት ልዩ ልዩ መጠሪያ ይኖራቸዋል፤ ለእኛ የተለመደ ነው፣ ለመርማሪው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢገለጽለት ብዙ ጥያቄ ይቀንሳል። የእርስዎና የባለቤትዎ የዜግነት ምስክር ወረቀት ቁጥርም ስለሚጠየቅ ወረቀቶቹ የት እንዳሉ ከአሁኑ ይፈልጉ።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። መርማሪዋ ጎረቤቶቻችንን ልታነጋግር ስትመጣ፣ ልጄን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቁት አንድ የአገራችን ሰው «ይህን ልጅ አላውቀውም» ብለው በሩን ዘጉ። ሊጠብቁት አስበው ነበር፤ በእርሳቸው ዘመን ስለ ሰው የሚጠይቅ ባለሥልጣን ለበጎ መጥቶ አያውቅምና። በኋላ ሄጄ ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው ተመልሰው አነጋገሯት። ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ ጎረቤትንም፣ የንስሐ አባትንም፣ ማንም ሊጠየቅ የሚችልን ሰው አስቀድመው ቢነግሩ መልካም ነው።

ከልጅዎ በኩል ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ መጠንቀቅ ያለባት ነገሮች አሉ። ማሪዋና በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ለአዋቂዎች ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ዛሬም ክልክል ነው፤ ቀድሞ መጠቀም ብቻውን የመጨረሻ ውሳኔ ባይሆንም መዋሸት ግን በር ይዘጋል። ለዘመድ መኪና ወይም ብድር ዋስ ሆና ፈርማ እርሱ ሳይከፍል ቢቀር ዕዳው በእርሷ ስም ይታያል። የአገራችንን ፖለቲካ በተመለከተ ሐሳብን መግለጽና ሰላማዊ ሰልፍ መውጣት መብቷ ነው፤ ነገር ግን በማኅበራዊ ሚዲያ ግድያን የሚደግፍ ቃል መጻፍ ወይም ለታጠቀ ቡድን ሊደርስ የሚችል መዋጮ መስጠት ከክሊራንስም በፊት ከኅሊና ጋር የሚያጣላ ስለሆነ አጥብቀው ቢመክሯት እወዳለሁ። ወንድም ካላት ደግሞ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ ለሴሌክቲቭ ሰርቪስ፣ ማለትም ለወታደራዊ ግዳጅ ጥሪ በሚያገለግለው የመንግሥት መዝገብ፣ መመዝገብ እንዳለበትና ሳይመዘገብ የቀረ ከፌዴራል ሥራ ሊታገድ እንደሚችል ይንገሩት፤ ብዙ ወላጆቻችን ይህን የሚሰሙት ዘግይተው ነው።

አማርኛዋን አትናቅ። አማርኛ በቦረን ፕሮግራም ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በውጭ አገር ቋንቋ ለመማር እስከ 25,000 ዶላር ሊያገኝ ይችላል፤ በምላሹም ቢያንስ አንድ ዓመት በፌዴራል መንግሥት ያገለግላል። ነገር ግን መንግሥት የቋንቋ ችሎታን የሚመዝነው መናገርን፣ ማዳመጥንና ማንበብን ለየብቻ ከ0 እስከ 5 ደረጃ እየሰጠ ነው። ልጆቻችን ከአያት ጋር እየተጫወቱ አድገው ፊደል ሳይቆጥሩ ስለሚቀሩ በንባብ ይወድቃሉ። በየቀኑ አንድ ገጽ ጋዜጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ብታነብልዎ ከማንኛውም ኮርስ አይተናነስም።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የፌዴራል ቅጥር ታግዶ ስለነበር ብዙ ተመራቂዎች መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ ስለዚህ በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ ብቻ ተስፋዋን አትጣል፤ የክፍለ ግዛትና የካውንቲ የአደጋ መከላከል ቢሮዎችም ጥሩ መጀመሪያ ናቸው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከእናትየዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፤ ዛሬ ማታ ከልጄ ጋር አብረን አነበብነው። አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ስንሄድ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ አውጥተንላታል፤ እናቴም በስሟ ትንሽ ቦታ ገዝተውላታል። ይህስ ይጻፋል?

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንጉ አባት

ሁለቱም ይጻፉ። ቢጫ ካርድ ዜግነት አይደለም፤ ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። ነገር ግን ቅጹ ሌላ አገር የሰጠውን ፓስፖርትም ሆነ ለጉዞ የሚያገለግል መታወቂያ ስለሚጠይቅ፣ ምን እንደሆነና ለምን እንዳወጣችው በግልጽ ታስረዳ። በውጭ አገር ያለ የማይንቀሳቀስ ንብረትም ራሱን የቻለ ጥያቄ አለው፤ የት እንደሚገኝ፣ መቼና እንዴት እንደተገኘ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ ይጠየቃል። ካርታውና ውሉ አገር ቤት ከሆኑ፣ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልዎ እናትዎን በዚህ ሳምንት ይጠይቋቸው።