ሰጋቱራ በፉርሽካ ቀላቅዬ ያዘጋጀሁት የእንጉዳይ ማብቀያ አረንጓዴ ሻጋታ በላብኝ፣ ምን አጠፋሁ?

የሰሚቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ አምና በጤፍ ጭድ ኦይስተር እንጉዳይ ሞክሬ በጣም ጥሩ ወጥቶልኝ ነበር። ጭዱን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ አጠንፍፌ ዘሩን ቀላቅዬ ፕላስቲክ ውስጥ ጠቀጠቅኩት፣ በሶስተኛው ሳምንት ነጭ በነጭ ሆነ ከዛ ዘለላ በዘለላ ብቅ አለ፣ ሁዳዴን በእንጉዳይ ጥብስ ነው ያሳለፍነው ማለት ይቻላል። እናቴ መጀመሪያ የጅብ ጥላ እቤቴ አታስገቢብኝ ስትል የነበረችው አሁን መቼ ነው የሚደርሰው እያለች የምትጠይቀኝ እሷው ናት።

ዘንድሮ ሺታኬና ሬሺ የሚባሉትን የእንጉዳይ አይነቶች ማብቀል ፈለግኩ፣ እነሱ ደግሞ የሚወዱት እንጨት ነው ስለተባልኩ ሰፈራችን ካለ የእንጨት ስራ ቤት ሰጋቱራ በማዳበሪያ አመጣሁ። ከ10 እጅ 8ቱን ሰጋቱራ 2ቱን ፉርሽካ አድርጌ ትንሽ ጄሶ ጨምሬ አርጥቤ 12 ፕላስቲክ ሞላሁ፣ በርሜል ውስጥ ከስር ውሃ አድርጌ ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ 4 ሰዓት ሙሉ በእንፋሎት ቀቀልኩት፣ አደረ፣ በማግስቱ እጄን በአልኮል ጠርጌ ዘሩን ጨመርኩ።

በ12ኛው ቀን ሳየው 9ኙ አረንጓዴ ሻጋታ ወሮታል፣ 2ቱ ደግሞ ሻጋታ የለባቸውም ግን ኮምጣጣ ይሸታሉ ነካ ሳደርጋቸው ይልሞሰሞሳሉ። ደህና የሚመስለው 1 ብቻ ነው። ለዘሩ የከፈልኩት 3 ወር ያጠራቀምኩትን ብር ነው፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ምን አጠፋሁ? ሰጋቱራው ይሆን? ደግሞ ሬሺው የደም ግፊት መድሀኒት ለምትወስደው እናቴ ነበር ያሰብኩት፣ ስለሱም የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሜሪላንድ_ቤዝመንት፦

አይዞሽ እህቴ፣ መጀመሪያ ላይ ሁላችንም ላይ ደርሷል። እኔ እዚህ አሜሪካ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ ላየንስ ሜን የሚባለውን እንጉዳይና ሺታኬ ማብቀል ከጀመርኩ 4 አመት ሆነኝ። እዚህ የሚቀለው ለማሞቂያ ምድጃ የሚሸጠውን የእንጨት ፔሌት መግዛት ነው፣ የጠንካራ እንጨት መሆኑን ከረጢቱ ላይ አይቼ እገዛለሁ፣ ሙቅ ውሃ ሲነካው በራሱ ተፈርፍሮ ሰጋቱራ ይሆናል፣ ከዛ የአኩሪ አተር ልጣጭ እኩል በእኩል ቀላቅዬ ፕሬዠር (በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት) ውስጥ በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) 2 ሰዓት ተኩል አቆየዋለሁ። ግማሹ ልጣጭ ነው ማለት በጣም የበለፀገ ነው ግን እንደዚህ ካበሰልኩት ከ20 አንዱ እንኳን አይበላሽብኝም። ያንቺ ችግር በርሜሉ ግፊት ስለሌለው ይመስለኛል፣ ፕሬዠር ግዢና በ15 ፒኤስአይ 2 ሰዓት ተኩል አድርጊው፣ ይስተካከላል።

ቢሾፍቱ_እርሻ፦

የሰሚቷ፣ ዘሩን ከጨመርሽ በኋላ አረንጓዴው መጀመሪያ የታየው የት ጋ ነው? ከላይ አፉ አካባቢ ነው ወይስ መሀል? ወይስ የዘሩ ፍሬ እራሱ ላይ? አንዱን ውጪ አውጥተሽ ቆርጠሽ እይው፣ እቤት ውስጥ እንዳትከፍቺው ብቻ፣ ያ አረንጓዴ ዱቄት ሲበተን ለሚቀጥለው ዙርሽም ጠላት ነው የሚሆነው።

የሰሚቷ፦

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግቢው ጥግ ወስጄ 3ቱን ቆረጥኳቸው። አፉ አካባቢ ነጭ ሆኖ ትንሽ ወርዷል፣ አረንጓዴው ግን እምብርቱ ላይ ነው ከዛ ወደ ጎን ወጥቷል። ዘሩ እራሱ ደህና ይመስላል፣ የተረፈኝን ጠርሙስ ውስጥ ያለውን አየሁት ንፁህ ነው። መሀሉ ላይ ደግሞ ምንም ያልረጠበ ደረቅ ሰጋቱራ እንደ ጓል ሆኖ አገኘሁ።

ቢሾፍቱ_እርሻ፦

እንግዲያው ግልፅ ነው። ከአፉ ቢጀምር ኖሮ እጅሽ ወይም አየሩ ነው እልሽ ነበር፣ ከዘሩ ፍሬ ቢጀምር ዘሩ ነው እልሽ ነበር፣ ከእምብርቱ ከጀመረ ግን አልበሰለም ማለት ነው። ለምን አልበሰለም የሚለውን ረጋ ብዬ ልንገርሽ ምክንያቱም እኔም 2 አመት ሙሉ የከሰርኩበት ነገር ነው፣ የሚመክሩን ሰዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት ባህር ወለል አካባቢ ስለሆነ ማንም አይነግረንም።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዛ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፣ 92 ገደማ ላይ ነው። እዚህ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ 94 ገደማ ነው። ክዳኑ ልቅ የሆነ በርሜል ቀኑን ሙሉ ብታነጂበት ከዛ በላይ አይወጣም። ስለዚህ "በርሜል ውስጥ በ100 ዲግሪ እንዲህ ያህል ሰዓት" የሚለው ምክር እኛ ጋ ከመነሻው አይሰራም፣ በዛ ላይ 4 ሰዓቱን የቆጠርሽው ውሃው ከፈላ ጀምሮ ነው፣ የፕላስቲኩ እምብርት ግን እዛ ሙቀት ላይ ለመድረስ ብቻ ሰዓታት ይፈጅበታል። ሰጋቱራ ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። ደረቁ ጓል ደግሞ የባሰ ነው፣ የሻጋታና የባክቴሪያ ዘር እርጥብ ሙቀት ላይ እንጂ ደረቅ ላይ ቶሎ አይሞትም። ኮምጣጣ የሸተቱሽ 2ቱ የባክቴሪያ ናቸው፣ ፉርሽካ ውስጥ የሚኖር ዘሩ መፍላትን የሚቋቋም አይነት አለ።

ታዲያ ጭዱ ለምን ተሳካ? ጭድ ለሻጋታ ብዙ ምግብ የለውም፣ ለብ ካለው ሙቀት የተረፉት ጥቃቅን ነፍሳትም ሻጋታውን ይሻሙታል፣ ኦይስተር ደግሞ ፈጣን ነው ቀድሞ ይይዘዋል። ፉርሽካ ስትጨምሪ ግን ድግስ ደግሰሽ በሩን ክፍት እንደመተው ነው፣ ሺታኬ በዝግታ እየሄደ ሻጋታው ቀድሞት ይገባል። ሰጋቱራ ላይ ፉርሽካ መጨመር ምርት ይጨምራል ልክ ነው ግን ፉርሽካው በጨመረ ቁጥር ማብሰያሽም አብሮ ማደግ አለበት፣ እሱ ካልቻለ ፉርሽካውን መቀነስ ነው። ወንድሜ ከሜሪላንድ ያለው ግማሽ በግማሽ እሱ ጋ ልክ ነው አንቺ ጋ ግን እንዳትሞክሪው።

ፕሬዠሩም ቢሆን ከፍታው ይነካዋል። 15 ፒኤስአይ ማለት ከውጪው አየር በላይ 15 ነው፣ ባህር ወለል ላይ 121 ዲግሪ ይሰጣል፣ አዲስ አበባ ላይ የውጪው አየር ራሱ ስለሳሳ 117 አካባቢ ነው የሚሰጠው። አንዳንዱ የወጥ ቤት ፕሬዠር ደግሞ 15ም አይደርስም። ስለዚህ 2 ሰዓት ተኩሉን 4 ሰዓት አድርጊው፣ ውሃው እንዳያልቅብሽ ብቻ ከታች በቂ አድርጊ።

ለሚቀጥለው ልኬቱን ልስጥሽ፦ 900 ግራም ሰጋቱራ፣ 80 ግራም ፉርሽካ፣ 20 ግራም ጄሶ፣ ውሃ 1.4 ሊትር ገደማ። ሰጋቱራውን ማታ አርጥቢው ሌሊቱን ይጠጣ፣ ፉርሽካውን ግን በምታበስይበት ቀን ጠዋት ጨምሪ፣ ካደረ መቡካት ይጀምራል። በእጅሽ ጭብጥ አድርገሽ ስትጨምቂው በጣቶችሽ መሀል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል። ሰጋቱራው እንደ ዱቄት የደቀቀ ከሆነ አየር ያጣል፣ ከመላጊያ የሚወጣውን ጥቅልል ያለ ስስ እንጨት ሩብ ያህል ቀላቅይበት። ሌላ ደግሞ ተራ ፌስታል በፕሬዠር ሙቀት ይቀልጣል፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ካላገኘሽ የማርና የማርማላታ ጠርሙስ ተጠቀሚ፣ ክዳኑን ብሺና ጥጥ ወትፊበት።

ሜሪላንድ_ቤዝመንት፦

ጋሼ ትክክል ኖት፣ እኔ የተናገርኩት እኔ ያለሁበትን አስቤ ነው፣ አሁን ሄጄ የፕሬዠሩን መመሪያ ሳወጣው ከፍታ ሲጨምር ግፊቱን ጨምሩ የሚል ሰንጠረዥ አለው፣ 4 አመት ሙሉ ገልጬ አላየሁትም። አንድ ነገር ልጨምር፣ ክዳኑ ላይ የሚደረገውን የፕሬዠሩን ክብደት ከማስቀመጥሽ በፊት እንፋሎቱ 10 ደቂቃ በነፃ ይውጣ፣ ውስጥ አየር ከቀረ ግፊቱ 15 ቢያሳይም ሙቀቱ እዛ አይደርስም።

ሀዋሳ_ልጅ፦

ሰጋቱራውስ የምን እንጨት ነው? ዋናው ጥያቄ እኮ እሱም ነው። ብዙ የእንጨት ስራ ቤቶች አሁን የሚቆርጡት ኤምዲኤፍና ቺፕቦርድ (የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጣብቆ የሚሰራ ጣውላ) ነው፣ እሱ ሙጫው ፎርማልዲሃይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል አለበት ለሚበላ ነገር በፍፁም አይሆንም፣ ቀለም ወይም የምስጥ መድሀኒት የተቀባም እንደዛው። ጥድም ተይው፣ ለአጥር የሚፈለገው እኮ ስለማይበሰብስ ነው፣ እንጉዳይ ደግሞ ስራው ማበስበስ ነው። ዋንዛ፣ ግራቪሊያ፣ ባህር ዛፍ ይሆናል፣ ባህር ዛፉን እኔ አርጥቤ ጥቂት ሳምንት ካቆየሁት በኋላ ነው የምጠቀመው ያኔ የተሻለ ይይዛል። ሄደሽ ጠይቂያቸው፣ አንድ አይነት እንጨት በሚቆርጡበት ቀን ማዳበሪያ ዘርግተው ይሰበስቡልሻል።

ፕሬዠር መግዛት ካልቻልሽ ደግሞ እኔ የማደርገውን ልንገርሽ፣ 3 ቀን በተከታታይ ነው የምቀቅለው። የመጀመሪያው ቀን የነቃውን ይገድላል፣ ሌሊት ቤት ሙቀት ላይ ሲያድር የተረፈው የባክቴሪያና የሻጋታ ዘር ይበቅላል፣ በሁለተኛው ቀን ያ ይሞታል፣ በሶስተኛው የቀረው። በትንንሽ ጠርሙስ በየቀኑ ከፈላ በኋላ 1 ሰዓት ተኩል ይበቃኛል፣ ትልቅ ፕላስቲክ ላይ ግን አልተማመንበትም። ከሰል ይፈጃል እውነት ነው፣ ግን ዘር ከመጣል ይሻላል።

ፋርማሲ_ላይ_ነኝ፦

ስለ ሬሺው ልመልስልሽ እህቴ። ሬሺ በቻይና ሊንግዢ ተብሎ ከ2,000 አመት በላይ የሚታወቅ ነው፣ እንደ እንጨት ጠንካራና መራራ ስለሆነ አይበላም ተቀቅሎ ይጠጣል። ግን የደም ግፊት መድሀኒት ለምትወስድ እናት ዝም ብለሽ አትስጫት። ግፊት ሊቀንስ ስለሚችል ከመድሀኒቱ ጋር ተደርቦ ከልክ በላይ ሊያወርድባት ይችላል፣ አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድሀኒት) የምትወስድ ከሆነ ደግሞ የመድማት ስጋት አለው፣ በዱቄቱ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችም ተመዝግበዋል። በ2015 እ.ኤ.አ ኮክሬን የተባለው የህክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት የስኳር ህመምተኞች ላይ የተሰሩ ጥናቶችን መዝኖ ለልብና ለደም ስር ችግር ይረዳል የሚያስብል ማስረጃ አላገኘም። ካንሰር ያድናል እያሉ የሚሸጡትን አትስሚ። ጃፓን በ1985 እ.ኤ.አ ከሺታኬ የወጣ ሌንቲናን የሚባል ነገር ለጨጓራ ካንሰር ፈቅዳለች እውነት ነው፣ እሱ ግን ተጣርቶ በመርፌ ከኬሞቴራፒ ጋር የሚሰጥ ነው፣ ከሾርባው ጋር አይገናኝም። ሺታኬውን በምግብነት ትብላ፣ በደንብ አብስይላት ብቻ፣ ጥሬው ወይም ያልበሰለው አንዳንድ ሰው ላይ ጅራፍ የተገረፈ የሚመስል ሽፍታ ያወጣል።

ደግሞ ኮንዶሚኒየም ስለሆንሽ፣ ኦይስተር ሲጎመራ የሚበትነው ዱቄት ሳንባ ያስቆጣል፣ መኝታ ክፍል ውስጥ አታብቅይ፣ የባርኔጣው ጠርዝ ሳይዘረጋ ልቀሚው።

የሰሚቷ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ሂጄ ጠየቅኩ፣ ሰጋቱራው ግማሹ ኤምዲኤፍ ነው አሉኝ፣ ደህና ያልኩትንም አንዱን ጣልኩት። የስጋ ቴርሞሜትር ተውሼ ደግሞ በርሜሉ ውስጥ አንድ ፕላስቲክ እምብርት ላይ ሰክቼ ሞከርኩት፣ ውሃው ከፈላ ከ3 ሰዓት በኋላ እምብርቱ ገና 81 ዲግሪ ነበር፣ በ4 ሰዓቱም 86። ጋሼ ያሉት ቁጭ አለ። ከቅዳሜ ጀምሮ በዋንዛ ሰጋቱራ በ8 ጠርሙስ 3 ቀኑን እቀቅላለሁ፣ 4ቱን ኦይስተር 4ቱን ሺታኬ። ሬሺውን እናቴን ሀኪሟ ጋ ወስጄ እስካማክር ትቼዋለሁ። ሺታኬው ነጭ ከሆነ በኋላ ስንት ጊዜ ልጠብቅ?

ቢሾፍቱ_እርሻ፦

ጎበዝ፣ ቴርሞሜትሩ ትልቅ ነገር ነው። ኦይስተሩ በ3 ሳምንት ይይዛል። ሺታኬው ግን ከ2 እስከ 3 ወር አካባቢ ነው፣ ነጭ ከሆነ በኋላ ላዩ እንደ ፈንዲሻ ይጎባብጣል ከዛ ቡናማ ቆዳ ያወጣል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል፣ እንዳትጥዪው። አብዛኛው ቡናማ ሲሆን ከጠርሙሱ አውጥተሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሌሊቱን ንከሪው፣ ከዛ በረንዳ ላይ ፀሀይ በማይመታው ጥግ አድርገሽ በቀን 2 ጊዜ 3 ጊዜ ውሃ እርጪ። ባርኔጣው ትንሽ ግንዱ ረጅም ከሆነ አየር አጥቷል ማለት ነው። በሶስተኛው ቀን ቅቅል ከጨረስሽ በኋላ ዘሩን ከመጨመርሽ በፊት 1 ጠርሙስ ሳትዘሪበት ለይተሽ አስቀምጪ፣ በ10 ቀን ውስጥ ምንም ካልበቀለበት ቅቅሉ ሰርቷል፣ ከዛ እዚሁ ፃፊልን።