ከፕላን ውጭ ፎቅ የተጨመረበት ሰርቪስ፤ ሐሙስ ውል አለን፣ እባካችሁ ድረሱልኝ

ጠያቂዋ፦ ልደታ አካባቢ ቤት ልንገዛ ቀብድ ከፍለናል። ሐሙስ ውልና ማስረጃ ቀጠሮ አለን። ዛሬ ፕላኑን ከቤቱ ጋር ሳስተያይ ሰርቪሱ ላይ ያለው ፎቅ ፕላኑ ላይ የለም። በሳሎንና በመኝታ ቤት መካከል የነበረው ግድግዳም ፈርሷል። ደላላው «ስም ይዙር እንጂ ፈቃዱ በኋላ ይወጣል» ይላል። እንዴት ነው የሚወጣው?

አራዳ 4፦ ስም ከዞረ በኋላ ደላላው ስልክ የሚያነሳ ይመስልሻል?

የውል ጉዳይ፦ እህቴ፣ ይህን ሕጋዊ ማድረግ ለምን የአንቺ ሥራ ይሆናል? ካርታው በሻጩ ስም እስካለ ድረስ አመልካቹ እሱ ነው። ከዞረ ግን ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በአንቺ ስም ነው። ቀብዱን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ፣ የተቀበለው ደግሞ እጥፉን መልሶ ውሉን መተው ይችላል። የቀብዱ ወረቀት ምን ይላል?

ገዢ ነኝ፦ ሻጩ ኃላፊነት እንዲወስድ ውሉ ላይ አስጽፉ፣ አለቀ።

የውል ጉዳይ፦ አላለቀም። ያ በሁለታችሁ መካከል ነው የሚሠራው። ክፍለ ከተማው «አፍርሱ» ካለ ፎቁን አያድነውም።

ፌሮ፦ ከወረቀቱ በፊት አርማታውን እዩ። ሰርቪስ ብዙ ጊዜ ፎቅ ይሸከማል ተብሎ ስለማይሠራ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ሳይኖር ብሎኬት ላይ በቀጥታ ሶሌታ (የፎቁ ወለል አርማታ) ይሞላበታል። ማዕዘኑ ላይ ልስኑን አስነሱ፤ ኮለን ካለ የፌሮው ውፍረትና ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው የስታፋው ርቀት ይታያል። አጠገቡ አስቆፍሩና የመሠረቱን ወርድና ጥልቀት ለኩ። ሽሚት ሀመር (አርማታ ላይ እየተመታ ጥንካሬ የሚለካበት መሣሪያ) ይዞ የሚመጣ ባለሙያ የሚነግራችሁ የአርማታውን ገጽ ጥንካሬ ብቻ ነው፤ ስለ መሠረቱ ምንም አይናገርም። የፈረሰው ግድግዳ በኮለንና በቢም (በአግዳሚው አርማታ) መካከል የተሞላ ብሎኬት ከነበረ አያሳስብም። ቤቱ የድሮ የድንጋይ ግንብ ከሆነ ግን ጣሪያውን የተሸከመው ግድግዳው ራሱ ነበር፤ ኮርኒሱን ከፍታችሁ ማገሩና ወራጁ አሁን ምን ላይ እንዳረፉ እዩ።

ገዢ ነኝ፦ ውሉ ላይ ማስጻፉ ግን አይቅር።

ጠያቂዋ፦ የቀብዱ ወረቀት ስለ ግንባታ ምንም አይልም። ሰርቪሱ ከጎረቤት አጥር ጋር የተጣበቀ ነው፣ ይህ ችግር አለው?

ቶታል ስቴሽን፦ ይህን መጀመሪያ መናገር ነበረብሽ! ካርታው ላይ ያሉትን ኮኦርዲኔቶች (የድንበሩን ማዕዘኖች የሚያሳዩትን ቁጥሮች) ሰርቬየር (ቀያሽ) መሬት ላይ ያውርድላችሁ። ግድግዳው ድንበር ካለፈ የትኛውም ሥዕል ፈቃድ አያስገኝም። ካላለፈ ሻጩ የፕላን ስምምነት ይጠይቅ፤ ቦታው ላይ ምን እንደሚፈቀድና መልሶ ማልማት ውስጥ መግባት አለመግባቱ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ቀጥሎ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ቤቱ አሁን ባለበት ሁኔታ የአርክቴክቸርና የስትራክቸር ሥዕል ይሥራ፣ ሻጩም በእሱ ያመልክት። ለሐሙስ የሚበቃ ጊዜ የለም። ቀጠሮውን አራዝሙ፣ «እስከዚህ ቀን የጸደቀ ፕላን ካልመጣ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ወረቀት ሻጩ ይፈርም፤ ባለትዳር ከሆነ ከባለቤቱ ጋር ይፈርሙ።

አራዳ 4፦ ሰርቬየሩ ሲመጣ ጎረቤትየውም ይኑር። አጥሩን የሠራው ማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።