ክለቡ ሲሄድ የሰፈሩ ፐብ ለምን ይዘጋል?

የኒውሃም ነዋሪ (ጥያቄ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው በምሥራቅ ለንደን፣ ዌስትሃም ዩናይትድ እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ ሲጫወትበት በኖረው በአፕተን ፓርክ ሜዳ አካባቢ ነው። ክለቡ በሜይ 2016 ማንቸስተር ዩናይትድን 3 ለ 2 አሸንፎ ሜዳውን ከተሰናበተ በኋላ በስትራትፎርድ ወደሚገኘው የኦሊምፒክ ስታዲየም ተዛወረ፤ የድሮው ሜዳም ፈርሶ በቦታው የመኖሪያ ሕንፃዎች ተሠሩበት።

ግሪን ስትሪትና ባርኪንግ ሮድ የሚገናኙበት ማዕዘን በጨዋታ ቀን ምን ይመስል እንደነበር ያየ ሰው አይረሳውም። ደጋፊው ከረፋዱ ጀምሮ ፐቦቹን፣ ማለትም የሰፈሩን መጠጥ ቤቶች፣ ይሞላል፤ በር ላይ የቆሙት ጠባቂዎች የእንግዳውን ቡድን ማልያ የለበሰ ሰው ይመልሳሉ፤ የመስታወት ብርጭቆው ተነሥቶ ቢራው በፕላስቲክ ይቀዳል፤ ውስጥ ቦታ ያጣው ደግሞ መጠጡን ይዞ መንገድ ዳር ይቆማል። ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ያ ሁሉ ሕዝብ እንደ ጎርፍ ወደ ሜዳው ይነጉድና ቤቱ በአንድ ጊዜ ጭር ይላል። ያኔ የማውቃቸው አንዳንድ ቤቶች ዛሬ ፐብ መሆናቸው ቀርቷል። በሌላ በኩል እዚያው ማዕዘን ላይ ያለው ቦሊን ታቨርን ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገና ተከፍቷል።

እኔ ብዙም የምጠጣ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ወደዚህ አገር ስመጣ ከሰፈሬ ሰዎች ጋር የተዋወቅሁት በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ስለሆነ ነገሩ ያሳስበኛል። ፐቦቹን የገደላቸው የክለቡ መሄድ ነው ወይስ ክለቡ ባይሄድም መዘጋታቸው አይቀርም ነበር? አንዱ ሲሞት ሌላው የተረፈበትስ ምክንያት ምንድን ነው?

የሃይበሪ ጎረቤት (መልስ)፦

የክለቡ መሄድ ጉዳት ማድረሱ አያጠያይቅም፤ ብቻውን ግን በቂ ምክንያት አይመስለኝም። አርሰናል እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ ሲጫወትበት የነበረውን ሃይበሪን ለቅቆ በ2006 ወደ ኤምሬትስ ሲዛወር አዲሱ ሜዳ ከአሮጌው በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ስለነበር በብላክስቶክ ሮድ በኩል ያሉት የደጋፊ ፐቦች ደንበኞቻቸውን አላጡም፤ ደጋፊው የለወጠው ከፐብ ሲወጣ የሚታጠፍበትን አቅጣጫ ብቻ ነው። ከአፕተን ፓርክ እስከ ስትራትፎርድ ያለው ርቀት ግን ኪሎ ሜትሮች ነው፤ ማንም ሰው አንድ ብርጭቆ ለመጠጣት ሲል ያን ያህል ዞሮ አይሄድም። አዲሱ ስታዲየም የቆመው ደግሞ በሰፊ መናፈሻና በትልቅ የገበያ ማዕከል መካከል እንጂ በሰፈር ውስጥ ስላልሆነ፣ በዙሪያው የድሮዎቹን የሚተኩ የማዕዘን ፐቦች የሉም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያነሣው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሕግ ተመልካች ሜዳው እየታየው አልኮል እንዳይጠጣ ስለሚከለክል፣ የእንግሊዝ ደጋፊ መጠጡን ከጨዋታው በፊትና በኋላ የመጠጣት ልማድ አለው፤ የሰፈር ፐብ ገቢም ከዚህ ልማድ የሚገኝ ነበር። አዳዲሶቹ ስታዲየሞች ግን ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ባሉት ሰፋፊ ኮሪደሮች ቢራና ምግብ በብዛት እንዲሸጡ ሆነው ስለሚሠሩ፣ ቀድሞ ለባለ ፐቡ ይደርስ ከነበረው ገንዘብ ብዙው ዛሬ በስታዲየሙ አጥር ውስጥ ይቀራል።

ይህም ሆኖ ሒሳቡን ቁጭ ብለን እንየው። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን በሜዳው የሚያደርገው የሊግ ጨዋታ 19 ብቻ ነው። የዋንጫ ጨዋታ ቢጨመርበት እንኳ ዓመቱን ሙሉ ኪራይ፣ ደመወዝና ግብር የሚከፍል ቤት በእነዚህ ጥቂት ቀናት ብቻ ሊቆም አይችልም። የጨዋታ ቀን ገቢ ይሠራ የነበረው ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚጎድለውን መሙላት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን የአዘቦቱ ቀን ደንበኛ የት ገባ የሚለውን ነው፤ እርሱ የጠፋው ደግሞ ክለቡ ከመሄዱ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። በመላ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ60 ሺህ በላይ ፐቦች ነበሩ፤ ዛሬ የቀሩት ወደ 45 ሺህ ገደማ ናቸው። ሱፐርማርኬት ቢራን ከፐብ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። በ2007 በእንግሊዝ ፐብ ውስጥ ማጨስ ተከለከለ። ከ2008 እስከ 2013 የቢራ ቀረጥ በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ በላይ እንዲጨምር ተደረገ። ከዚያም ወረርሽኙ መጣ፣ የመብራትና የጋዝ ዋጋም ናረ። በእርስዎ ሰፈር ደግሞ ነዋሪው ራሱ ተለውጧል፤ ብዙው ጎረቤት በሃይማኖቱ ምክንያት አልኮል የማይጠጣ በሆነበት አካባቢ የአዘቦቱ ቀን ደንበኛ ቁጥር መቀነሱ ማንንም የሚያስወቅስ ነገር አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ወሳኙ የሕንፃው ባለቤት ማን ነው የሚለው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ደንብ ትልልቆቹ ቢራ ጠማቂዎች በእጃቸው የሚይዙትን የፐብ ብዛት ስለገደበ፣ የተሸጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ቢራ ወደማይጠምቁ የንብረት ኩባንያዎች እጅ ገቡ። በብዙዎቹ ቤቶች ተከራዩ ቢራውን አከራዩ በሚወስንለት ዋጋ እንዲገዛ በውል ይታሰራል፤ ዋጋውም ገበያ ላይ ከሚያገኘው የበለጠ ነው። ተከራዩ ሲከስር አከራዩ ሌላ ተከራይ ይፈልጋል፤ ቦታው ለአፓርታማ ቢሸጥ የበለጠ ያወጣል ብሎ ካመነ ግን መፈለጉንም ይተወዋል። ቦሊን ታቨርን የተረፈው ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑና ዋና ሥራው ፐብ ማስተዳደር የሆነ ባለቤት ገንዘብ አፍስሶ የድሮውን የመስታወት ጣሪያና የእንጨት መከለያዎች ጭምር ስላሳደሰው ነው። ዛሬ የሚሠራው ለእራትና ለቤተሰብ ነው፤ የጨዋታ ቀንን አይጠብቅም።

ከመርሲ ዳር (መልስ)፦

የሊቨርፑልን ነገር ልጨምርበት፤ ምክንያቱም በዚህች ከተማ ክለብና ፐብ የተሣሠሩት ገና ከመነሻው ነው። ኤቨርተን ቀድሞ የሚጫወተው በአንፊልድ ነበር። የቢራ ፋብሪካ ባለቤት የነበሩት ጆን ሃውልዲንግ ለሜዳው ኪራይ ይቀበሉ ነበር፤ ተጫዋቾቹም ልብሳቸውን የሚቀይሩት በአጠገቡ በሚገኘው በእርሳቸው መጠጥ ቤት በሳንደን ሆቴል ነበር። በኪራዩና በሜዳው ላይ መጠጥ የመሸጡን መብት በመሳሰሉ ጉዳዮች ስላልተስማሙ ኤቨርተን እ.ኤ.አ. በ1892 ወደ ጉዲሰን ፓርክ ሄደ፤ ሃውልዲንግም ባዶ ለቀረው ሜዳቸው ሊቨርፑል የሚባል ክለብ አቋቋሙ። ሳንደን ዛሬም በጨዋታ ቀን በቀይ ለባሾች ይጨናነቃል። ክለብ ሄዶበት ሌላ ክለብ የተተካለት እንዲህ ያለ ቤት ግን ሌላ አላውቅም።

አሁን ኤቨርተን ዳግመኛ ሄዷል። የወንዶቹ ቡድን በሜይ 2025 ሳውዝሃምፕተንን 2 ለ 0 ረትቶ ጉዲሰንን ተሰናበተና በወንዙ ዳር በብራምሊ ሙር መርከብ ማረፊያ ላይ ወደተሠራው፣ ከ52 ሺህ በላይ ተመልካች ወደሚይዘው አዲስ ስታዲየም ገባ። ከእናንተ የሚለየው ጉዲሰን አለመፍረሱ ነው፤ የሴቶቹ ቡድን ሜዳ እንዲሆን ተወስኗል። በሜዳው ፊት ለፊት ላለው ለዊንስሎው ሆቴልና ለሌሎቹ ጎረቤት ፐቦች ይህ ውሳኔ ትልቅ ዋጋ አለው። የሴቶቹ ጨዋታ የሚያመጣው ሕዝብ ቀድሞ ይመጣ የነበረውን አያህልም፤ ሆኖም ቅዳሜና እሑድ የሚበራ ሜዳ ባለበት ሰፈርና የግንባታ አጥር በተተከለበት ሰፈር መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። በወንዙ ዳር ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል፤ ቀድሞ የመርከብ ጫኝና አውራጅ ሠራተኞችን ሲያስተናግድ የኖረው ብራምሊ ሙር ፐብ ዛሬ ስታዲየሙ በሩ ላይ መጥቶለታል።

አንድ ክለብ ሲዛወር ሜዳውን ለምን አገልግሎት እንደሚተው ከሰፈሩ ጋር ተመካክሮ እንዲወስን በሕግ መገደድ አለበት ብዬ አምናለሁ። ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ መንገድ ላይ የኖረ ክለብ፣ ያ መንገድ ያበረከተለትን አስተዋጽኦ ከምንም ሳይቆጥር ቁልፉን ለገንቢ አስረክቦ መሄዱ ልክ አይደለም።

አዲስ አበቤ (መልስ)፦

የእናንተን ውይይት ሳነብ የእኛው ከተማ ጉዳይ ታሰበኝ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለዓመታት ለእድሳት በመዘጋቱና የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ በመቆየቱ፣ ከጨዋታ በኋላ ከስታዲየም ዙሪያ እስከ ለገሃር ባሉት ግሮሰሪዎች ቆሞ ጨዋታውን የሚተነትነው ደጋፊ ተበትኗል። እንደ እናንተ ክለቡ አልተዛወረም፤ ጨዋታው ግን ሄዷል፤ ለባለ ግሮሰሪው ውጤቱ ያው ነው።

የእንግሊዝን ሊግ የሚከታተለው ደጋፊ በአንጻሩ አለ፤ በየሰፈሩ ዲኤስቲቪ ባለበት ድራፍት ቤት ወንበር ይዞ ይጠብቃል። ነገር ግን ያ ቤትም የተከራየው ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ በዚያ ይሰበሰቡ የነበሩ ሰዎች ወደተለያየ ሰፈር ሄደዋል። ሰዎቹ ሌላ ቦታ ቢራ ማግኘታቸው አይቀርም፤ እርስ በርስ መገናኘታቸው ግን ቀርቷል። እንግዲህ ለመጠየቅ የምፈልገው እዚያ ባሉት ፐቦች ጨዋታ በቴሌቪዥን ማሳየት የሜዳውን ደጋፊ አይተካም ወይ የሚለውን ነው።

የሃይበሪ ጎረቤት (መልስ)፦

ለአዲስ አበቤ፦ በከፊል ይተካል፤ ወጪው ግን ከባድ ነው። ፐብ የሚከፍለው የቴሌቪዥን ክፍያ ከቤት ደንበኛ ጋር አንድ አይደለም፤ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በፖርትስማውዝ ፐብ ያስተዳድሩ የነበሩት ካረን መርፊ ይህን ክፍያ ሽሽት በግሪክ የሳተላይት ቴሌቪዥን ካርድ ጨዋታ በማሳየታቸው ተከስሰው ተቀጡ፤ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2011 በብዙው ነጥብ ለእርሳቸው ተፈረደ፤ በ2012 ደግሞ የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረላቸው። ከዚህም በላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በተለመደው ሰዓት የሚደረጉት ጨዋታዎች በብሪታንያ በቀጥታ እንዳይተላለፉ የሚከለክል የቆየ ደንብ ስላለ፣ ፐቡ ክፍያውን ቢከፍልም በዚያ ሰዓት የሚያሳየው ጨዋታ የለውም።

የኒውሃም ነዋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሰፈሬ አንድ የቀረ ፐብ አለ፤ አከራዩ ሊሸጠው ነው የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ሕንፃው በቅርስነት አልተመዘገበም። እንደ ነዋሪ ልናደርገው የምንችለው ነገር ይኖራል?

የሃይበሪ ጎረቤት (መልስ)፦

አለ። ከሜይ 2017 ወዲህ በእንግሊዝ ፐብን ያለ ፕላን ፈቃድ ማፍረስም ሆነ ወደ ሌላ አገልግሎት መቀየር አይቻልም። ፈቃድ ሲጠየቅ በማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ ተቃውሞ በጽሑፍ ማስገባት የማንኛውም ነዋሪ መብት ነው። ይህ ባዶ ወረቀት እንዳልሆነ ለማወቅ የካርልተን ታቨርንን ታሪክ ማየት በቂ ነው፤ በኪልበርን አካባቢ የነበረውን ይህን ፐብ ባለቤቱ በ2015 ያለ ፈቃድ ቢያፈርሰው እንደነበረ አድርጎ መልሶ እንዲሠራው ታዘዘ፤ ቤቱም በ2021 ተከፈተ።

ከዚህ በተጨማሪ በ2011 የወጣው የአካባቢ መስተዳድሮች ሕግ ነዋሪዎች አንድን ቤት ለማኅበረሰቡ ጠቃሚ ሀብት ነው ብለው እንዲያስመዘግቡ ይፈቅድላቸዋል። ለማመልከት በአካባቢው በመራጭነት የተመዘገቡ 21 ሰዎች ይበቃሉ። ቤቱ ከተመዘገበ በኋላ ባለቤቱ ሊሸጠው ሲነሣ ነዋሪው በስድስት ሳምንት ውስጥ መግዛት እንደሚፈልግ ካሳወቀ፣ ገንዘብ ማሰባሰቢያ እንዲሆነው በጠቅላላው የስድስት ወር ጊዜ ያገኛል፤ በደቡብ ለንደን ነንሄድ የሚገኘውን አይቪ ሃውስን ነዋሪዎቹ በ2013 በማኅበር ገዝተው ያስቀሩት በዚህ መንገድ ነው። ባለቤቱ ለእናንተ እንዲሸጥ ግን ሕጉ አያስገድደውም፤ ምዝገባውም ከአምስት ዓመት በኋላ ያበቃል። ስለዚህ ወሬው እውነት ከሆነ ሽያጩ እስኪጀመር አትጠብቁ፤ በመጀመሪያ ቤቱ ከዚህ ቀደም ተመዝግቦ እንደሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ ዝርዝር አረጋግጡ፣ ከሌለበትም በዚህ ሳምንት ስም ማሰባሰብ ጀምሩ። በማመልከቻው ላይ ስለ እግር ኳሱ ብቻ አትጻፉ፤ በአዘቦት ቀን ማን እንደሚገባበት፣ ለቅሶና ሠርግ ሲኖር ማን እንደሚገለገልበት፣ የትኞቹ ማኅበራት እንደሚሰበሰቡበት በዝርዝር አስረዱ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ የሚመዝነው እርሱን ነው።